አምስተኛው ጎማ በረንዳ ላይ ነው

መኪናዬ አምስት ጎማ አላት። አራቱ እሷ ጋ ይኖራሉ፤ አምስተኛው እኔ ጋ፣ ኮሎምበስ ዳር ሬይኖልድስበርግ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በረንዳዬ ላይ። ጎድጓዳው ውስጥ ፕላስቲክ አንጥፌ፣ አፈር ሞልቼ ጤና አዳም ተክዬበታለሁ። እንግዳ መጥቶ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሲለኝ «የአበባ ማስቀመጫ ነው» እለዋለሁ። አልዋሸሁም። ጎማ የነበረው ድሮ ነው።

አሁን «ይቺ ሴት ጤና የላትም» እንዳላችሁ ይገባኛል። ነገሩን ከሥሩ ስነግራችሁ ሐሳባችሁን አትቀይሩም፤ ግን ቢያንስ በሽታዬን ታውቁታላችሁ።

ኮሎምበስ ውስጥ የምታውቁት ሰው ወልዶ፣ ተመርቆ ወይም ዘመድ ሞቶበት ከሆነ ዶሮ ወጡን ያመጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሥራዬ ሆኖ አይደለም፤ ሥራዬማ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት አራስ ሠርቼ ወሰድኩ፣ ተበላ፣ ተመሰገንኩ። ምስጋና ደግሞ አልችልም። አንዴ «እጅሽ ይባረክ» ካላችሁኝ ዕድሜ ልካችሁን እሠራላችኋለሁ።

የወጥ ችግሩ መሥራቱ አይደለም፣ ማጓጓዙ ነው። አንድ ቀን የክርስትና ወጥ ጭኜ ስሄድ መብራት ያዘኝና ፍሬን ረገጥኩ። እኔና መኪናዋ ቆምን፤ ወጡ ግን መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ ማሞቂያ በከፈትኩ ቁጥር መኪናዋ ዶሮ ወጥ ታሸት ነበር። ከሥራ ወደ ቤት የምሸኛት ኤርትራዊት ጓደኛዬ «አንቺ፣ እኔ ካንቺ ጋር መሄድ አልችልም፣ ቤቴ ሳልደርስ ራበኝ» ብላ ሌላ ሰው ፈለገች።

ያንን ሳጸዳ ነው የትራንኩን፣ ማለት የኋላ ዕቃ መጫኛዋን፣ ምንጣፍ ያነሣሁት። ከሥሩ ትርፍ ጎማ ተኝቷል። ጎማውን ሳወጣው ክብ፣ ጥልቅ፣ ንጹሕ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። እኔና ጉድጓዱ ትንሽ ተያየን። ከዚያ ወደ ቤት ሮጬ የሠላሳ ሰው ድስቴን አምጥቼ አስገባሁት። ልክክ! መሐንዲሶቹ ወጥ ቤቴ ገብተው፣ ድስቴን ለክተው የሄዱ ነው የሚመስለው። ጎማውን ሽቅብ ሁለት ፎቅ ተሸክሜ አወጣሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ጠብታ ወጥ ፈሶብኝ አያውቅም።

ባለቤቴ የረጅም ርቀት ከባድ መኪና ነጂ ነው። አሥራ ስምንት ጎማ ይዞ እየዞረ ስለ እኔ አንድ ጎማ እንቅልፍ አይወስደውም። ነብራስካ ሆኖ ይደውላል፦ «ጎማውን መለስሽው?»

«ሮድሳይድ አለኝ» እለዋለሁ።

ሮድሳይድ ማለት መንገድ ላይ ስትቆሙ ደውላችሁ ሰው የሚመጣላችሁ ነገር ነው። ከኢንሹራንሴ ጋር አብሬ አስገብቼዋለሁ። ካርዱን ከመንጃ ፈቃዴ ፊት ነው የማስቀምጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም፤ ስለዚህ ከኔ በላይ የሚያምንበት ሰው አልነበረም። የጎማ ወሬ ሲነሣ ሐኪም ወንድም እንዳለው ሰው ነበር የምኮፈሰው።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ።

ሰናይት የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ከዛሬ አሥራ አራት ዓመት በፊት መጋዘን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረን ካርቶን ስናሽግ ነው የተዋወቅነው። አሁን አፐር አርሊንግተን ነው ቤቷ። እዚሁ የተወለደች ልጅ አለቻት፣ ቤዛ፣ ፋርማሲስት። ቤዛን አንድ ደህና ልጅ ወደዳትና በወጉ ሽማግሌ ልኮ ሊያስጠይቃት ሆነ። በወረርሽኙ ቤት ተዘግቶብን ከርመን፣ ክትባቱን ወስደን፣ ሰው ከሰው መገናኘት በጀመረበት በዚያ ሰመር ማለት ነው። የተቀጠረው ቅዳሜ ነው፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ፍልሰታ ይገባል። ያቺ ቀን ካለፈች ጾሙ እስኪፈታ መጠበቅ ነው።

ችግሩ አባትየው ናቸው። ጋሼ ይልማ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ወግ ላይ ቀልድ አያውቁም። ለሰናይት እንዲህ ብለዋታል፦ «ሳልጠየቅ ድስት አይጣድም። ሽማግሌ ገብቶ ወጥ ከሸተተው ልጄን ቶሎ ውሰዱልኝ ብዬ የጠበቅኩ ነው የሚመስለው። አንዲት ድስት በዚህ ቤት ብትጣድ እመልሳቸዋለሁ!»

ሰናይት ደግሞ ሽማግሌ «እሺ» ከተባለ በኋላ ፒዛ ልታበላ ነው? አታደርገውም። ስለዚህ በሹክሹክታ ደወለችልኝ፦ «አንቺ ቤት ሥሪና በጋራዥ በኩል አስገቢልኝ። እሺ ካሉ በኋላ ብቅ ይላል። ቤት ያፈራው ነው እንላለን።»

«ጋሼ ይልማ ቤቱ መቼ አፈራው ቢሉስ?»

«ያኔ በልተው ይሆናል።»

ሠራሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ሐሰን ስለሆኑ ለሳቸው የሚሆነውን ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ በራሷ ሥጋ፣ በራሷ ድስት ሠራችልኝ። እንዳይቀላቀል ብዬ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በትልቁ ጻፍኩበት፦ «የጋሼ ሐሰን»። በዚህ ጥንቃቄዬ ራሴን አመሰገንኩ። አያችሁ፣ ምስጋና ለኔ መጥፎ ነው።

ሀይዌዩ ላይ፣ ዳውንታውን ሳልደርስ፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ እያዘነበለች ጠፍ ጠፍ ማለት ጀመረች። ዳር አውጥቼ ወረድኩ። የኋላ ቀኝ ጎማ መሬት ላይ ተነጥፏል። ትንሽም አልደነገጥኩም። እንዲያውም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ደረሰ! ካርዴን አወጣሁና ደወልኩ።

ሙዚቃ ሰማሁ። ብዙ ሙዚቃ ሰማሁ። በመጨረሻ አንዲት ትሑት ልጅ አነሣች።

«ያሉበት ቦታ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ስፔር ጎማ አለዎት?»

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። የለኝም ብል ውሸት ነው። «አለኝ» አልኩ።

«በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው?»

ጤና አዳሙ ትዝ አለኝና «በጣም!» አልኩ።

«እንግዲያው ጎማ የሚቀይር ሰው እንልክልዎታለን። በሰው እጥረት ምክንያት ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከመኪናዎ አጠገብ አይራቁ።»

ሽማግሌዎቹ ሊገቡ የቀራቸው አንድ ሰዓት ነው። ለሰናይት ደወልኩ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው ያናገረችኝ፤ ቧንቧ ከፍታለች።

«ድስቱስ?» አለች መጀመሪያ። «አንቺስ ደህና ነሽ?» ያለችው በኋላ ነው። አልተቀየምኳትም፤ እኔም ብሆን ድስቱን ነው የማስቀድመው።

«ቤዛን ላኪያትና ትውሰደው» አልኩ።

«ሽማግሌ ሊመጣላት ልጅቱ መኪና አስነሥታ ስትወጣ አባቷ የት ነው አይሉም? ደግሞ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ሳሎን ተቀምጠው መቆጣት እየተለማመዱ ነው!»

ስልኩን እንደዘጋሁ አንድ ነጭ ቫን አልፎኝ ሄዶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ወደ ኋላ እየመጣ ፊቴ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሦስት ሰዎች፣ ሱፍ በሱፍ፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ወረዱ። ከፊት ያሉት ነጭ ነጠላ አጣፍተዋል።

ጋሼ ደምሴ፣ ጋሼ ሐሰንና አቶ ታደሰ። ሽማግሌዎቹ! እኛ ሐበሾች የምንኖረው ከተማው ምሥራቅ ነው፣ ወደ አፐር አርሊንግተን የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፤ ይሄን ማሰብ ነበረብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉ ጋሼ ደምሴ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ እሳቸው ናቸው፤ ሰላም ሲሉ ራሱ ንግግር ይመስላል።

«ምንም አልሆንኩ! ጎማ ነው። ሮድሳይድ እየመጣ ነው። ሂዱ፣ ሂዱ፣ እንዳትዘገዩ!»

«ወዴት እንደምንሄድ በምን አወቅሽ?»

«ማለቴ... ሱፍ ስለለበሳችሁ።»

ጋሼ ሐሰን ወጣትነታቸውን በሙሉ አሰብ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዱ ያሳለፉ ናቸው። ጎማ የተነፈሰበት መኪና አይተው ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ኮታቸውን አውልቀው ለአቶ ታደሰ ሰጡ። አቶ ታደሰ የቫኑ ባለቤት ናቸው፤ ሲናገሩ የሰማ ሰው የለም። ለሽምግልና የሚመረጡትም ለዚሁ ነው ይባላል።

«ክሪክ አለኝ» አሉ ጋሼ ሐሰን። «አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ትራንኩን ክፈቺና ጎማውን አውጪ።»

«ጎማ የለኝም!»

«እንዴት ያለ ጎማ ትነጃለሽ?»

«ቤት ነው ያለው። ታሟል።» ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሴትዮዋን ፀሐይ መትቷታል» አሉ ጋሼ ደምሴ በሐዘን። «ለትዳር ጉዳይ እየሄድን ሴት መንገድ ላይ ጥለን ብናልፍ ደግ አይደለም። ክፈቺው ልጄ፣ ምናልባት ረስተሽው ይሆናል።»

«አይከፈትም፣ ቁልፉ ተበላሽቷል። ደግሞ የሚታጠብ ልብስ ነው ያለው።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ድስቱ ትራንክ ውስጥ ተዘግቶ እንደገና እየበሰለ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ ሐሰን አፍንጫቸውን ወደ ላይ አደረጉ። ወደ ትራንኩ ጠጋ አሉ። ራቅ አሉ። እንደገና ጠጋ አሉ።

«የሚታጠበው ልብስሽ» አሉ፣ «ሽንኩርቱ በደንብ ቁሌት ሆኗል።»

ልክ በዚያ ሰዓት፣ ከጭንቀቴ ብዛት ቁልፉን በእጄ እያሸሁት ኖሮ፣ ቁልፉ ላይ ያለችውን የትራንክ መክፈቻ ተጫንኳት። ጧ! ትራንኩ እንደ ቴአትር መጋረጃ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ሦስቱም ዐዩ። ጉድጓዱ ውስጥ ጉብ ያለውን፣ በነጭ ጨርቅ የታሰረውን ትልቅ ድስት ዐዩ። አጠገቡ በፎጣ የተደገፈችውን ትንሽ ድስት ዐዩ። ጋሼ ሐሰን መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ክዳኑን አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ይቺ የኔ ናት?» አሉ።

«ሥራ ቦታ... ሌላ ሐሰን የሚባል...» ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰናይትን፣ ጋራዡን፣ የጋሼ ይልማን ቃል። «ካወቁ ይመልሷችኋል። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ሰናይት ደግሞ ዓይኔን አታየውም!»

ጋሼ ደምሴ ፊታቸው ወደቀ። «እኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሦስት ሳምንት ንግግር ስለማመድ የከረምኩት እሺ ለመባል ነበር። እሺው እኮ በስሎ ጨርሷል።»

«አልበሰለም ጋሼ! ጋሼ ይልማ ምንም አያውቁም። የበሰለው ወጡ ብቻ ነው።»

ይህን ሲሰሙ ትንሽ ነፍስ ዘሩ። ጋሼ ሐሰን ግን ከድስቷ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«ማናት የሠራችው?»

«እትዬ ዘይነባ።»

ኮታቸውን ተቀብለው ለበሱ። «ይቺ ድስት መንገድ ላይ አትቀርም» አሉ። «ጫኑ!»

ቫኑ ውስጥ የጎማ ጉድጓድ የለም። ቢኖርም አቶ ታደሰ በአግባቡ ጎማ የሚያስቀምጡበት ሰው ናቸው። ስለዚህ ትልቁን ድስት ጋሼ ደምሴ በሁለት ጉልበታቸው መሐል አቀፉ፣ ትንሿን ጋሼ ሐሰን ለማንም አልሰጥም ብለው ያዙ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ለኩርባው ሁሉ ጸለይኩ። ሮድሳይድ ከመኪናው አትራቂ እንዳለኝ ትዝ ብሎኛል። ግን ሁለት ሰዓት ብለውኛል፤ ተመልሼ እደርሳለሁ አልኩ።

ከሀይዌዩ መውጫ ላይ ያለው ኩርባ ጸሎቴን አልሰማም። ድስቱ ትንሽ ዘመም አለ፣ ጨርቁ ላላ፣ ጋሼ ደምሴ «ዋይ!» አሉ። የቡና ሲኒ አፍ የምታክል፣ ቀይ፣ የምታብረቀርቅ ጠብታ ነጠላቸው ላይ፣ ልክ ደረታቸው ላይ አረፈች።

«ይገልበጥ!» አሉ ጋሼ ሐሰን። ተገለበጠ፤ ቅቤው በዚያም በኩል ወጥቷል። «ይታጠፍ!» ታጠፈ፤ አሁንም ይታያል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ከጫኑበት ግን አይታይም። «በጣም ትሑት ሰው ትመስላለህ» አሏቸው ጋሼ ሐሰን፤ በዚሁ ተስማማን።

ጋራዡ ተከፈተ። ሰናይት ሳሎን ቴሌቪዥኑን አስጩኻ መጥታለች። ቤዛ በሐበሻ ቀሚስ ከኋላዋ ቆማ ሦስት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ድስት ተሸክመው በጫማ ማስቀመጫው በኩል ሲገቡ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ፣ አር ዶዝ ማይ ሽማግሌስ?»

«ዝም በይ!» አለቻት እናቷ። ሽማግሌዎቹ ድስቱን አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጥተው፣ በጋራዡ ወጥተው፣ ቤቱን ዞረው፣ ዋናውን በር ደወሉ።

እኔ ከሰናይትና ከቤዛ ጋር ወጥ ቤት በር ሥር ተደብቄ፣ በክፍተቱ እያየሁ ሰማሁ። ጋሼ ይልማ አስገቧቸው፣ ተቀመጡ ግን አላሏቸውም፤ እነሱም ወጉ ነውና ቆመው ቀሩ። ጋሼ ደምሴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ንግግራቸውን ጀመሩ። ምን ዓይነት ንግግር ነበር! ድስት ተሸክሞ የመጣ ሰው አይመስሉም። ስለ ልጁ ጨዋነት፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሁለቱ መዋደድ ሲናገሩ እኔ ራሴ ለማን እንደምድር ባላውቅም ልድር ተነሣሁ።

«ልጄ ገና ልጅ ናት» አሉ ጋሼ ይልማ፣ ፊታቸውን አጥቁረው። ቤዛ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ቢሆንም...»

«ዘመድ ማማከር አለብኝ። ጊዜ ስጡኝ።»

«እግርዎ ላይ ወድቀን...» አሉ ጋሼ ደምሴና እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ። ንግግር የሚወድ ሰው ችግሩ ይሄ ነው፤ እጁን አያስቀምጥም። ነጠላው ተንሸራተተ።

ጋሼ ይልማ ዐዩ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ልብስዎ ላይ ምንድነው?»

ሰናይት ክንዴን ጨመደደችው፤ ምልክቱ ሳምንት ቆይቷል። ጋሼ ደምሴ ነጠላውን መልሰው ሰበሰቡ። ንግግራቸው ውስጥ ይሄ የለም። ያኔ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ተሰማ። አቶ ታደሰ ናቸው።

«ግሪስ ነው» አሉ። «መንገድ ላይ ጎማ ስንቀይር።»

ጋሼ ይልማ ከወንበራቸው ተነሡ። መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ጠጋ አሉ፣ ጎንበስ አሉ።

«ግሪሱ» አሉ ቀና ብለው፣ «ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል።»

ጋሼ ይልማ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሩ፤ እኔን ዐዩ፣ ሰናይትን ዐዩ፣ በመሐላችን የቤዛን ዓይን ዐዩ። ቤዛ እንባ አቅርራለች።

«በዚህ ቤት ድስት ተጥዷል?»

«አልተጣደም!» አለች ሰናይት። እውነቷን ነው።

«በማን መኪና መጣ?»

«በኛ» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «እኔ ነኝ ያቀፍኩት።»

ጋሼ ይልማ የሽማግሌውን ሽበት ዐዩ፣ ነጠላውን ዐዩ። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው እንደ ዳኛ ተቀመጡ።

«እኔ ያልኩት ድስት አልጥድም ነው። አልጣድኩም። ልጄን ብለው ወጣቸውን ታቅፈው የመጡ እነሱ ናቸው። ይሄን ያህል የሚለፋ ሰው አላየሁም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተቀመጡ፤ ግሪሱ ሳይቀዘቅዝ።»

እልልታውን እኔ ነኝ የጀመርኩት። ጋሼ ሐሰን መጀመሪያ የጠየቁት ድስታቸውን ነው።

ስልኬ የጮኸው የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ነው። የሮድሳይዱ ሰው ነበር፤ ቀድሞ ደርሷል። «መኪናዎ አጠገብ ነኝ። እርስዎ የሉም። ትራንኩ ክፍት ነው፤ ጎማውም የለም» አለኝ። ለመኪና የሚመጣ ሰው እንዲህ ቅር ሲሰኝ ሰምቼ አላውቅም። ጎማው የት እንዳለ ስነግረው የሚጎትት መኪና እንደገና መጥራት እንዳለብኝ ነግሮኝ ሄደ። መኪናዬ ስትጎተት ያዩዋት ጋሼ ሐሰን ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ በልተው ሲያበቁ ራሳቸው ሄደው አጠገቧ ቆሙልኝ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ነብራስካ ድረስ ሌላ ሰው ነግሮታል።

ሠርጉ መስከረም ላይ ሆነ። ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ይልማ ደወሉልኝ። እሳቸው ለኔ ደውለው አያውቁም፤ ተነሥቼ ቆሜ ነው ያናገርኳቸው።

«ወጡን አንቺ ነሽ የምታመጪው» አሉኝ። «በዚያችው በጉድጓድሽ።»

«እሺ ጋሼ። ጎማውን እመልሳለሁ ብዬ ነበር...»

«እንዳትመልሺው! ወጡ ይፈሳል። ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?»

የሠርጉ ዕለት ጠዋት የሙሽራዋ አባት፣ ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ጓንት፣ አበባ ደረታቸው ላይ፣ በሬን አንኳኩ። በረንዳዬ ላይ ወጡ፣ ጎማዬን አቅፈው ወረዱ። ጤና አዳሙን ልንቀለው ስል «ተይው፣ መንገድ ላይ ጎማ ከተነፈሰብሽ ያኔ እነቅለዋለሁ» አሉኝ። መኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ቀበቶ አሰሩለት፣ ፍሬቻቸውን አብርተው እስከ አዳራሹ ድረስ በቀስታ ተከተሉኝ።